የእትዬ አስካለ መስመር

እትዬ አስካለ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። አቃቂ ላይ የእድሩ ጡሩምባ ተነፍቷል፤ ጡሩምባ ግን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ አይሰማም። ልጃቸው ምሕረት እናቷን ለሚያውቁ ሁሉ በስልኳ መልእክት ልካለች፤ ያን ሳምንት ደግሞ ኢንተርኔቱ ተዘግቶ ነበር። ለምን እንደተዘጋ የነገረን የለም፤ እኛም መጠየቅ ከተውን ቆይተናል። በሦስተኛው ቀን መስመሩ ሲለቀቅ ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ይንጫጫ ጀመር። ከዘመድ ቀልድና ከሽያጭ ማስታወቂያ መሀል "እማዬ ዐረፈች፤ ቀብር ነገ ስድስት ሰዓት" የሚል አገኘሁ። ነገ ያለችው ትናንት ሆኗል።

መጀመሪያ አለቀስኩ። ቀጥሎ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ሳቄ መጣ። ዕድሜ ልካቸውን የሰው መልእክት ሲያደርሱ የኖሩ ሴት የራሳቸው መርዶ መንገድ ላይ ቀረ። እሳቸው ይህን ቢያዩ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው "መስመሩ ተይዟል፤ ጠብቅ" ይሉኝ ነበር።

በማግስቱ ወደ ለቅሶው ሄድኩ። ከሐዘኔ ሌላ የያዝኩት ነገር ነበር። ለዓመታት በሆዴ የኖረ ነው፤ የእትዬ አስካለ ኢንተርኔት ቤት የተዘጋው በእኔ ምክንያት ነው። ምሕረት ይህን አታውቅም። እናቷ ያውቃሉ፤ ለእሷም ለማንም አልተናገሩም። እነሆ እሳቸው አፈር ገቡ፤ የመናገሩ ተራ የእኔ ሆነ።

እንዴት ያሉ ሴት እንደነበሩ ካልነገርኩ ግን ያ ዝምታቸው ተራ ዝምታ ይመስላል፤ አልነበረም።

እትዬ አስካለ ስልከኛ ነበሩ። አቃቂ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የስልክ ማዞሪያ ላይ ሠርተዋል። ያላየ ሰው ካለ፣ ማዞሪያው ፊቱን ቀዳዳ የሞላው ሰሌዳ ነው። ስልክ ሲመጣ ገመዱን ከአንዱ ቀዳዳ ነቅሎ ሌላው ላይ መሰካት፣ "ይናገሩ፣ መስመር ላይ ናቸው" ማለት፣ ከዚያ ማዳመጫውን ከጆሮ ማውረድ ነው። ዋናው ሥራ ማዳመጫውን ማውረዱ ነው ይሉ ነበር። ገመድማ ማንም ይሰካል።

መንግሥት ተለውጦ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ እሳቸውም ከተቀነሱት መሀል ነበሩ። ባላቸው ቀደም ብሎ ሞቷል፤ ምሕረት ገና ሕፃን ናት። እትዬ አስካለ ቁጭ ብለው አላለቀሱም። ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ወደ ገበያ በሚያወርደው መንገድ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተው የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤት ከፈቱ። ኢንተርኔት የሚባለው ነገር በየሠፈሩ ብቅ ብቅ ሲል ደግሞ ከአካባቢው ሰው ሁሉ ቀድመው አስገቡ። "ምንድን ነው እሱ?" ብሎ ለጠየቃቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፤ "ማዞሪያ ነው፤ ቀዳዳው በዛ እንጂ።"

አምስት ኮምፒውተር ነበራቸው። በዚያን ጊዜ ሌላ ኢንተርኔት ቤት ብትገባ ባለቤቱ ከኋላህ ይቀመጥና ስክሪንህን እንደ ቴሌቪዥን ያያል። የእትዬ አስካለ ቤት ግን የተገላቢጦሽ ነው። ኮምፒውተሮቹን በሙሉ ጀርባቸውን ወደሳቸው አዙረው ነበር የደረደሯቸው። ከወንበራቸው ላይ ሆነው የሚታያቸው የሰው ፊት ብቻ ነው። አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ ባይ መጥቶ "እትዬ፣ እንዲህ ከሆነ ደንበኛው ምን እንደሚሠራ አያዩም" አላቸው።

"ምን እንደሚሠራ ለምን አያለሁ? እኔ የማየው ደርሶለት እንደሆነ ነው፤ እሱ ደግሞ ፊቱ ላይ ይነበባል።"

እውነትም ያነቡት ነበር። ሰው ጨርሶ ሲነሳ ምን ጻፍክ፣ ከማን ተጻጻፍክ የሚባል ነገር የለም። "ደረሰ?" ብቻ ነው ጥያቄያቸው። ደርሷል ካልካቸው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። አልደረሰም ካልካቸው እንደገና ያስቀምጡሃል፤ ለድጋሚው አያስከፍሉም።

የዚያን ጊዜ መስመር በስልክ ነበር የሚገባው፤ ሊገናኝ ሲል ትንሿ ሳጥን ትጮኻለች፣ ትንጫረራለች። ይህን ጊዜ እትዬ አስካለ እጃቸውን ያነሱና "ዝም በሉ! እየደወለ ነው" ይላሉ። ቤቱ ጸጥ ይላል። የተማረውም ያልተማረውም ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል፤ እኔም እጠብቅ ነበር። ብናወራ መስመሩ የሚቋረጥ ይመስለን ነበር እኮ! በኋላ ሌላ ሠፈር ሄጄ ሰው እየተንጫጫ ኢንተርኔት ሲከፈት ሳይ ገረመኝ። አቃቂ ግን የእሳቸው ደንበኛ የነበረ ሁሉ ይህን ልማድ ይዞት ቀርቷል፤ ዛሬም ስልኬ ላይ ገጽ አልከፈት ሲለኝ ሳላውቀው ዝም እላለሁ።

አንድ ክረምት ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሮቹ እንደተኙ ዝናብ ይዞኝ ከሳቸው ጋር ቁጭ አልኩ። ነገር ለመጫር ያህል ከሁሉ የከበደዎት የሥራ ቀን የትኛው ነው ብዬ ጠየቅኳቸው።

"የበሶው ቀን" አሉኝ ሳያስቡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጠዋት ለሽመና ክፍሉ አለቃ ከገጠር ስልክ መጣ። ማዳመጫውን ሳያወርዱ በፊት አንዲት ዐረፍተ ነገር አመለጠችና ገባች፤ የአንዱ ሸማኔ እናት ሞታለች። ምሳ ሰዓት ላይ ያው ሸማኔ ከፊታቸው መጥቶ ተቀመጠ።

"ከኪሱ በሶ አወጣ። 'እናቴ ልካልኝ ነው አስኩ፣ ቅመሽ' አለኝ። ቀመስኩ። 'ይጣፍጣል' አልኩት።"

"ለምን አልነገሩትም?"

"መርዶ የሽማግሌ ነው እንጂ የስልከኛ ነው እንዴ? የተደወለው ለአለቃው ነው። አለቃው ሽማግሌ ሰብስቦ በማግስቱ ማለዳ ቤቱ ሄዶ አረዳው። እንደ ወጉ አለቀሰ። እኔ ብነግረው ኖሮ ማሽኑ ላይ ነበር የሚወድቅ።" መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። "በሶ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ አልበላም።"

እንግዲህ በዚያን ዘመን እኔ የንግድ ፈቃድ በሚሰጠው መሥሪያ ቤት ውስጥ ተራ ጸሐፊ ነበርኩ። ኢንተርኔት ቤቶች ሁሉ የተጠቃሚ መዝገብ ይያዙ የሚል መመሪያ ወረደ። ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ቀን፣ የተጠቀመበት አገልግሎት። መዝገቡን በየወሩ እየዞርኩ የምሰበስበው እኔ ነኝ። ሌሎቹ ባለቤቶች የሚሰጡኝ የተጨማደደ ደብተር ነው፤ ግማሹ ስም አይነበብም። የእትዬ አስካለ መዝገብ ግን በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሰመረ፣ ፊደሉ አንድ በአንድ የተለቀመ ነበር። ስሙ ትክክል፣ ቁጥሩ ትክክል፣ ቀኑ ትክክል። አራተኛው ዐምድ ላይ ከላይ እስከ ታች የተጻፈው አንድ ቃል ነው፤ ሰላምታ። ሰላምታ። ሰላምታ። ገጹን ብትገልጥ ሰላምታ፣ ብትደግም ሰላምታ።

ኃላፊያችን አስጠሯቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ከላይ የሚመጣባቸውን ወደ ታች የሚያወርዱ ሰው ናቸው።

"እትዬ አስካለ፣ የአቃቂ ሕዝብ ወሩን ሙሉ ሰላምታ ብቻ ነው የሚለዋወጠው?"

"አዎ፣ ልጄ። ጨዋ ሕዝብ ነው።"

"ሌላ ምንም የሚሠራ የለም?"

"ከሰላምታው በኋላማ ሊኖር ይችላል። እኔ እስከ ሰላምታው ነው ያለሁት።"

በሌላ ጊዜ ደግሞ የኢንተርኔት ቤት ባለቤቶችን አዳራሽ ሰብስበው አዲሱን እቅድ ነገሯቸው። ከአሁን በኋላ ወደ አገር የሚገባውም የሚወጣውም መስመር ሁሉ በአንድ በር ያልፋል፤ ለፍጥነቱም ለደኅንነቱም ይበጃል ተባለ። ተጨበጨበ። እትዬ አስካለ እጃቸውን አወጡ።

"አንድ ማዞሪያ ማለታችሁ ነው። ክፋት የለውም፤ እኔም በአንድ ማዞሪያ ነው የኖርኩት። ጥያቄዬ፣ ማዞሪያው ላይ የምትቀመጠው ሴትዮ ማን ናት? ማዳመጫዋንስ ታወርዳለች?"

አዳራሹ ሳቀ። ኃላፊያችንም ሳቁ። "እትዬ፣ ሴትዮ የለችም። ማሽን ነው።"

"ማሽን ከሆነማ ባሰ። ማሽን ምሳ እንኳ አይወጣ" ብለው ተቀመጡ።

ያን ጊዜ ከሳቁት አንዱ እኔ ነበርኩ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን በአዳራሹ ያልተነገረው ክፍል በደብዳቤ መጣ። በየቤቱ የተያዘው መዝገብ በበሩ ካለፈው ጋር ይመሳከራል፤ ያልተመሳከረለት ቤት ማስጠንቀቂያ ሳይሰጠው ይዘጋል፤ ትኩረት የሚሹ ተጠቃሚዎች ስም ለብቻው ተለይቶ ይላካል ይላል። ደብዳቤውን ሳነበው የታየኝ ያ ውብ መዝገብ ነው። እኔ በየወሩ በብብቴ ይዤው የምሄደው ለዚህ ነበር ማለት ነው። ጀግና ልሁን ብዬ አይደለም፤ ሰው ሳያውቅ የሚታሰርበት ገመድ በእኔ እጅ ሲያልፍ ሆዴ እምቢ አለኝ። ደብዳቤውን በአንድ ወረቀት ላይ ገልብጬ፣ ሐሙስ ከሰዓት እትዬ አስካለ ቤት ገብቼ፣ አራተኛው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ፣ ውጭ አገር ለሚዘጋጅ አንድ ድረ ገጽ ላክሁት። ሌላ ቤት መሄድ አልችልም፤ በሌላ ቤት ስክሪኔን የሚያይ ሰው አለ።

ስነሳ ፊቴን አዩት። "ደረሰ?" አሉኝ።

"ደርሷል፣ እትዬ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ መዝገባቸውን ስበው ስሜን ጻፉ።

ስሕተቴ የጸሐፊ ስሕተት ነበር። ደብዳቤ ስንገለብጥ አንዲት ነጥብ አንዘልም፤ እጃችን እንዲህ ነው የለመደው። ኃላፊያችን ደግሞ የመጣላቸውን ደብዳቤ ጠርዝ ላይ በእጃቸው ምሪት ይጽፋሉ፤ ለእገሌ ክፍል፣ እንዲህ ይደረግ እያሉ። እኔ ጅሉ ቁጥሩንም፣ ግልባጩ የሚላክላቸውንም፣ የኃላፊያችንን ምሪት ጭምር አንድ ሳላስቀር ጽፌ ላክሁት! ድረ ገጹም አንድ ሳያስቀር አወጣው። ደብዳቤው ለብዙ መሥሪያ ቤት የተላለፈ ነው፤ ያቺ ምሪት ያለችበት ግን የእኛ ብቻ።

ሳምንት ሳይሞላ ከላይ ተደወለ። መልእክቱ የወጣው ሐሙስ ዕለት ከእትዬ አስካለ መስመር ነው ተባለ፤ እንዴት እንዳወቁ አልነገሩንም። የወሩ መዝገብ ይምጣ ተባለ። ማን ያምጣ? ያው እኔ። መዝገቡን ስቀበላቸው ቆሜ ገለጥኩት። ያን ሐሙስ ከእኛ መሥሪያ ቤት ሦስት ሰዎች ገብተዋል። አንዷ ልጇ ውጭ አገር ያለ የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ዘውዴ፣ አንዱ የበራችን ጥበቃ፣ አንዱ እኔ።

"እትዬ፣ ስሜን ጽፈውታል" አልኳቸው፤ ድምፄ እየቀጠነ።

"ገብተህ የለ እንዴ? መዝገብ ላይ አልዋሽም።"

ከስሜ ጎን ሰላምታ ይላል። የራሴን ስም በብብቴ ይዤ ለአለቃዬ አስረከብኩ።

በማግስቱ ኃላፊያችን ራሳቸው ሄዱ፤ ቃል የሚጽፍ ያስፈልጋል ብለው እኔን አስከተሉኝ። ምሕረት ጥግ ላይ ፎቶ ኮፒ እያነሳች ነበር፤ ያኔ የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ኃላፊያችን ገና ቆመው ሳሉ ወደ ፎቶ ኮፒው አይተው፣ ከእናትሽ ጋር ለብቻ እንድንነጋገር ውጪ አሏት። ወጣች።

"እትዬ አስካለ፣ ነገሩ አጭር ነው። ከሦስቱ አንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ ይነግሩኛል፣ ፈቃድዎ ይቀጥላል።"

"ሦስቱም ሰላምታ ላኩ።"

"እባክዎ።"

"ልጄ፣ ማዳመጫዬን አውርጄ ነው የምሠራው። ያልሰማሁትን ከየት አመጣለሁ?"

"ያውቃሉ ግን።"

"የማውቀውማ ስንቱን! ዕድሜዬን ሙሉ ሳውቅ ነው የኖርኩት። አንድ ሰው ግን 'አስካለ እንዲህ አለች' ብሎ አያውቅም።"

ይህን ሁሉ ሲናገሩ አንዴም ወደ እኔ አላዩም። እኔ ደግሞ ከወረቀቱ ላይ ዐይኔን አላነሳሁም።

"ፈቃዱ ይሰረዛላ" አሉ ኃላፊያችን፤ ድምፃቸው የሚለምን ይመስል ነበር።

"ፈቃዱ የእናንተ ነው፤ ውሰዱት። ምላሴ የእኔ ነው።" ተነስተው ከግድግዳው ላይ ባለ መስተዋቱን ፈቃድ አወረዱ፤ አቧራውን በነጠላቸው ጠረጉና ሰጡ። ኃላፊያችን ሊወጡ ሲሉ "ቆይ እንጂ፣ ፈርመህ ውሰድ" አሏቸው። ርክክቡን ጻፍኩ። አንድ የንግድ ፈቃድ፣ ከነመስተዋቱ። የጻፍኩትን ያን መስመር ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ።

በነጋታው ብቻዬን ሄድኩ። በሩ ላይ እሽግ ተለጥፏል፤ እሳቸው ደጁ ላይ ዱካ አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ።

"ነገ ሄጄ እናገራለሁ" አልኳቸው።

"ማን ብሎህ?"

"በእኔ ጦስ እርስዎ…"

"አርፈህ ተቀመጥ። አንተ ብትናገር ሰው የሚለው 'ፍቅሩ ተናገረ' አይደለም፤ 'አስካለ ቤት የገባ ተያዘ' ነው። ስንት ዓመት የጠበቅኩት ቤት በአንተ አፍ ሊፈርስ ነው?"

"ቤቱ እኮ ተዘጋ፣ እትዬ።"

"በሩ ነው የተዘጋው" አሉኝ ቆጣ ብለው። "እዚያ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ዛሬም ቤቱ ሆኖ ይተኛል። ተናገር ብዬህ ይህን ላጥፋው?"

"ለምሕረትስ?"

"ለማንም። ዝም አይነቅዝም። እኔ አፈር ስገባ የራስህን ነገር ራስህ ታውቃለህ።"

ታዘዝኩ። ታዘዝኩ ማለት ደስ ይላል፤ እውነቱን ልናገርና ፈርቼም ነበር። የእሳቸው ትእዛዝ ለፍርሃቴ ጥሩ መሸፈኛ ሆነለት። ማስረጃ ስላልተገኘ ሦስታችንንም ወደየክፍሉ በታተኑን፤ ነገሩ በዚያው ተዳፈነ። ያልተዳፈነው በእነሱ ቤት ነው። ምሕረት ትምህርቷን አቋርጣ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገባች። ቤታችንን ያዘጋችው ወይዘሮ ዘውዴ ናት ብላም ቆረጠች፤ ሴትየዋ ወሬ ስለምትወድ እንጂ ሌላ ምክንያት የላትም። አንድ እድር ውስጥ እየኖሩ ሰላምታ ነሳቻት። አንድ ቀን ወይዘሮ ዘውዴ ቢሮዬ መጥታ "ምን አደረግኳት ፍቅሩ? መንገድ ላይ ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች" ብላ አለቀሰች። ምን አልኳት መሰላችሁ? "ያልፋል፣ አይዞሽ" አልኳት። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

እትዬ አስካለ ግን ቁጭ የሚሉ ሴት አልነበሩም። ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ማዶ፣ ጠያቂ ከሚበዛበት ከኪዮስኮቹ ጥግ ጠረጴዛ ዘረጉ፤ አሮጌ ታይፕራይተራቸውን አወጡ። ለታሳሪ ቤተሰብ ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ ደብዳቤ ይጽፋሉ። አንድ ቅዳሜ ሄጄ አየኋቸው። ዣንጥላቸው ሥር ሆነው አንዲት ከወሎ የመጡ እናትን ያናግራሉ፤ ሴትየዋ ባለፈው ሳምንት ለልጃቸው ደብዳቤ አጽፈው አስገብተው ነበር።

"ደረሰ?"

"ደርሶታል፣ አልሐምዱሊላህ። በጠያቂ በኩል ላከብኝ።"

እትዬ አስካለ ራሳቸውን ነቀነቁና ወረቀት ቀየሩ። ቀና ሲሉ አዩኝ። "ምን ቆመህ ታየኛለህ? መስመር አገኘሁ እኮ!" አሉኝና ሳቁ። በኋላ ኢንተርኔት በየሰዉ ስልክ ገብቶ፣ ኢንተርኔት ቤት የሚባለው ራሱ ሲቀር፣ ብዙ ሰው የሳቸውን ቤት ረሳው። እኔ ግን መስመር በተዘጋ ቁጥር፣ አሁን ማዞሪያው ላይ የተቀመጠው ማን ይሆን እያልኩ እሳቸውን አስባለሁ። አንድ በር ሆነ ሁለት በር፣ የበሩን ሰው የሚተካው ነገር የለም፤ ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ለቅሶው ድንኳን ስደርስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ምሕረት ጥቁር ለብሳ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። ከዳር፣ የድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ፣ ወይዘሮ ዘውዴ ብቻዋን አለች። በየቀኑ እየመጣች እዚያው ትቀመጣለች አሉኝ፤ ሰላም የሚላት ባይኖርም ማታ ሰው ሲበተን ነው የምትሄደው። ከሚኒባስ ስወርድ ያሰናዳሁት ብዙ ንግግር ነበረኝ፤ ደብዳቤው ምን እንደሚል፣ ለምን እንደላክሁት፣ እናቷ እንዴት እንደከለከሉኝ። ምሕረት አጠገብ ስቀመጥ ሁሉም ጠፋኝ።

"ምሕረት፣ ቤታችሁን ያዘጋሁት እኔ ነኝ" አልኳት። "ያን ሐሙስ መልእክቱን የላክሁት እኔ ነኝ። ወይዘሮ ዘውዴ የለችበትም።"

አየችኝ። ብዙ ካለቀሰ ሰው የሚመጣ ደረቅ አስተያየት ነው።

"እማዬ ታውቅ ነበር?"

"ከመጀመሪያው።"

"ስንቴ ጠየቅኳት መሰለህ፣ ጋሽ ፍቅሩ። 'ማነው እማዬ?' ስላት 'መስመር ተቋርጧል' እያለች ትስቅብኛለች።" እጇን አየት አደረገች፤ ጣቶቿ ላይ የመርፌ ጠባሳ አለ። "ትምህርቴን እኮ ነው ያቋረጥኩት።"

"አውቃለሁ።"

አሁን ምን ነበር የላክኸው ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትጮህም ይገባት ነበር። ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ፣ ውሃ የያዘች ሴት አለፈች። ከዚያ ምሕረት ቀና ብላ ፊቴን አየችው፤ ፊቴን ብቻ።

"ደረሰ?" አለችኝ።

ድምፁ የእናቷ ነበር።

"ደርሷል።"

ራሷን ነቀነቀች። ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳችና በተቀመጠው ሰው መሀል አልፋ ወደ ምሰሶው ሄደች። ወይዘሮ ዘውዴ ስትመጣባት ደንግጣ ልትነሳ ሞከረች፤ ምሕረት ትከሻዋን ይዛ አስቀመጠቻትና አጠገቧ ቁጭ አለች። ሁለቱ ራሳቸውን አቀርቅረው ሲነጋገሩ ከተቀመጥኩበት አየኋቸው። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ልስማም አላልኩ። ወይዘሮ ዘውዴ ቀና ስትል ግን ፊቷን አየሁት፤ ደርሷል።